ነባሩን አባል ላድስ ስል ክፍያው ጠፋብኝ

የእድር ጸሐፊ፦
ጤና ይስጥልኝ። የሰፈራችንን እድር መዝገብ ከደብተር ወደ ማይኤስኪውኤል (የዳታቤዝ ፕሮግራም ነው) ያዛወርኩት እኔ ነኝ፤ 214 አባላት አሉን። ገንዘብ ያዣችን በየወሩ የአዲስ አባላትንና አድራሻ ወይም የቤተሰብ ዝርዝር የቀየሩ ነባር አባላትን ፋይል ይልኩልኛል። መጀመሪያ ሁሉንም «አስገባ» በሚለው ትእዛዝ፣ በኢንሰርት፣ ሳስገባ ነባሮቹ ሁለት ሁለት ጊዜ ተመዘገቡ። ስለዚህ ስልክ ቁጥር እንዳይደገም ከለከልኩና «ተካ» በሚለው ትእዛዝ፣ በሪፕሌስ፣ ማስገባት ጀመርኩ። ዝርዝሩ ጠራልኝ። እሑድ ዕለት ግን አንዲት እናት የስድስት ወር መዋጮ አልከፈሉም ተብሎ ስማቸው በጉባኤ ተነበበ። ተነሥተው የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና ስድስቱንም ደረሰኝ አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። ከኮምፒውተሩ ግን አንዱም የለም! ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ምን አጠፋሁ?

ባለሰንጠረዡ፦
አይዞህ ወንድሜ። ሪፕሌስ አያድስም፤ ነባሩን ረድፍ ሰርዞ ሌላ ያስገባል። ክፍያዎቹን ከአባላቱ ጋር ያያያዝከው «ኦን ዲሊት ካስኬድ» (ዋናው ሲሰረዝ የተያያዘውም ይሰረዝ) ብለህ ከሆነ፣ አባሏ ሲሰረዙ ክፍያቸውም አብሮ ሄዷል። መጀመሪያ እሱን በሪስትሪክት ቀይረው፤ ክፍያ ያለው አባል እንዳይሰረዝ ይከለክላል። ከዚያ «ኢንሰርት» ብለህ መጨረሻው ላይ «ኦን ዱፕሊኬት ኪይ አፕዴት» ጨምርበት፦ አባሉ ከሌለ ያስገባል፣ ካለ የዘረዘርካቸውን ዓምዶች ብቻ ያድሳል። ፖስትግረስ በሚባለው ሌላ ዳታቤዝ ላይ ይኸው ሥራ «ኦን ኮንፍሊክት» ይባላል።

ጀማሪ፦
በመፈለጊያው ትእዛዝ በሴሌክት ፈልጎ፣ ከሌለ ማስገባት አይበቃም?

ባለሰንጠረዡ፦
አይበቃም። ሁለት ሰዎች እኩል ቢፈልጉ ሁለቱም «የለም» ይባላሉ፤ መደገምን የሚከለክል ከሌለ ሁለቱም ያስገባሉ።

የካርድ ክፍሏ፦
እኔን ያሳሰበኝ ስልክ ቁጥሩ ነው። በክሊኒክ ካርድ ክፍል ስሠራ በልጃቸው ስልክ የሚመዘገቡ ስንት አረጋውያን አይቻለሁ! ደግሞም አንዱ በ09፣ ሌላው በ+251 ይጽፈዋል፤ ለዳታቤዙ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። በስምም አትመካ፤ «ፀሐይ»ን አንዱ በፀ፣ ሌላው በጸ ይጽፋታል። በደብተሩ ላይ ያለውን የአባል ቁጥር መለያ አድርገው፤ በስልኩ ላይ ያደረግከውን ክልከላም አንሣ። ካላነሣኸው ማይኤስኪውኤል በስልኩ አመሳስሎ የሌላ ሰው መዝገብ ያድስብሃል።

የእድር ጸሐፊ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ካስኬድ እንደተባለው ነበር። አባላቱን ከደብተሩ ጋር ሳመሳክር ደግሞ 212 ብቻ ሆኑ። ሁለት እናቶች በልጆቻቸው ስልክ ተመዝግበው ኖሯል፤ ልጆቹ ዘንድሮ አባል ሲሆኑ በእናቶቻቸው ቦታ ገብተዋል። ሁለቱን መልሻለሁ። አሁን ክፍያዎቹን ከደረሰኝ ግልባጮቹ ላይ እያየሁ እያስገባሁ ነው፤ ጥቅምት ላይ ደርሻለሁ።