ክረምቱን በብርድ ብቻ ሳይሆን በብርሃን እንለካው

በጓሮም በበረንዳም፣ በየተሰደድንበት አገር አትክልት ለምታበቅሉ ሁሉ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

«የማን አገር ክረምት ይብሳል?» በሚል የተነሳውን ውይይት ከመጀመሪያው ጀምሮ ተከታትየዋለሁ። የሚኒያፖሊሷ እህታችን መሬቱ ቀዝቅዞ አካፋ አላስገባ እንዳለ ጽፋለች። የለንደኑ ወንድማችን ደግሞ በረዶ እንኳ በወጉ በማይጥልበት ከተማ ጎመኑ ከኅዳር ወዲህ አንድ ቅጠል ሳይጨምር ባለበት ቆሞ መቅረቱ ግራ ገብቶታል። ከተሰጡት ምክሮች አብዛኞቹ ስለ ማዳበሪያና ስለ አፈር ናቸው። እኔ የምኖረው ስቶክሆልም ነው፤ በተከራየኋት ቁራሽ መሬትና በመስኮቴ ደፍ ላይ ጎመን፣ ጤና አዳም፣ በሶብላና ቃሪያ አበቅላለሁ። ለወንድማችን የምለው አንድ ነገር ነው፦ ማዳበሪያ አትጨምር። ጎመንህ የራበው ብርሃን ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ቶሎ የማይታየን በምክንያት ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። በዓመቱ አጭር ቀን ብርሃኑ 11 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ያህል ይቆያል፤ በረጅሙ ቀን ደግሞ 12 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ያህል። ልዩነቱ አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ሰዓታችንን ከንጋት ጀምረን ስንቆጥር የማይዛባብን ንጋት ከቦታው ብዙ ስለማይነቃነቅ ነው። ገበሬው ሰማዩን ሲያይ የሚያሳስበው ዝናብ ነው፤ በልጉ ገባ ወይ፣ ክረምቱ ዘገየ ወይ ይላል እንጂ ብርሃኑ ይበቃል ወይ ብሎ አይጠይቅም። ይህን ልማድ ይዘን እንሰደድና አዲሱን አገር በብርዱ ብቻ እንመዝነዋለን። ጃኬት ለመግዛት ይህ ይበቃል፤ አትክልት ለመትከል ግን አይበቃም።

በፈረንጆች ዲሴምበር 21፣ በእኛ ታኅሣሥ 12 አካባቢ፣ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ቀኑ ከዓመቱ ሁሉ ያጥራል። በዚያ ዕለት ዱባይ 10 ሰዓት ተኩል ያህል ብርሃን ታገኛለች። ኢየሩሳሌም 10 ሰዓት ከ4 ደቂቃ፣ ዋሽንግተን ዲሲ 9 ሰዓት ከ26፣ ሚኒያፖሊስ 8 ሰዓት ከ46፣ ለንደን 7 ሰዓት ከ50 ይደርሳቸዋል። ስቶክሆልም ያለነው 6 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ያህል ነው የምናገኘው፤ በእኛ አቆጣጠር ፀሐይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሊሞላ ሲል ወጥታ ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ኖርዌይ ውስጥ ትሮምሶ ያሉ ወገኖች ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ጭራሽ ፀሐይ አያዩም።

ለንደንን እና ሚኒያፖሊስን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ተመልከቱ። ለንደን ከሚኒያፖሊስ ብቻ ሳይሆን ከቶሮንቶና ከሞንትሪያልም ይልቅ ወደ ሰሜን የራቀች ከተማ ናት። እንደነሱ የማትበርደው የአትላንቲክ ውቅያኖስ ሙቀትና ከዚያ የሚነፍሰው ነፋስ ስለሚያለዝባት ነው። ባሕሩ ሙቀት ያመጣላታል፣ ብርሃን ግን አያመጣላትም፤ እንዲያውም ደመናውን ይጨምርባታል። የብርሃኑ ርዝመት ብቻም አይደለም ቁም ነገሩ። በዚያው ዕለት እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አዲስ አበባ ላይ ከአድማሱ 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ስትል፣ ለንደን ላይ 15፣ ስቶክሆልም ላይ 7 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የምትነሳው። ጨረሩ እንዲህ አግድም ሲመጣ በሰፊ መሬት ላይ ተበትኖ ይሳሳል። የጎረቤት ቤት ካለ ደግሞ ጓሮው ቀኑን ሙሉ ጥላ ውስጥ ይውላል።

አሜሪካ ሜይን ግዛት ውስጥ በክረምት አትክልት በማምረት ስሙ የታወቀው ገበሬ ኤልየት ኮልማን ያስለመደው ቀላል መለኪያ አለ፦ የቀኑ ብርሃን ከ10 ሰዓት በታች ሲወርድ አብዛኛው ቅጠላ ቅጠል እድገቱን ያቆማል ለማለት ይቻላል። አይሞትም፤ ግን አያድግም። ይህን መለኪያ ይዛችሁ የየከተማችሁን ካላንደር እዩ። ስቶክሆልም ከ10 ሰዓት በታች የምትቆየው ከጥቅምት 8 ገደማ ጀምሮ እስከ የካቲት 16፣ እስከ ኪዳነ ምሕረት ድረስ ነው። ለንደን ከጥቅምት 17 እስከ የካቲት 7 ገደማ፤ ሚኒያፖሊስ ከጥቅምት 26 እስከ ጥር 28 ገደማ። ዲሲ ላይ ከኅዳር ሚካኤል ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ይጀምርና ጥምቀት እንዳለፈ ያበቃል። ኢየሩሳሌምና ዱባይ ግን ዓመቱን ሙሉ ከ10 ሰዓት በታች አይወርዱም።

ስለዚህ ዋናው ዘዴ ጎመኑ እድገቱን ጨርሶ ወደ ጨለማው ወራት እንዲገባ ማድረግ ነው። ለንደን ላይ ዘሩ ከኦገስት መጀመሪያ ባይዘገይ ጥሩ ነው፤ እኛ ዘንድ ጁላይ መጀመሪያ ላይ መሬት መግባት አለበት። ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ፣ ጓሮ ያላችሁ እስከ ኦገስት አጋማሽ ጊዜ አላችሁ። ከዚያ በኋላ ጓሮው ማከማቻ ነው፤ ከሥር ከሥር ሁለት ሦስት ቅጠል እየቀነጠሱ መብላት እንጂ በታኅሣሥ አዲስ ቅጠል መጠበቅ አይገባም። ለሰሜን አውሮፓ ብርቱ ብርድ የሚመረጠው ኬል የሚባለው የአገሩ ጎመን ነው፤ የሐበሻ ጎመን ቀላል ውርጭ ይችላል፣ ከባዱን ግን አይቋቋምም። ውርጭ የነካው ቅጠል እንደሚጣፍጥ ሁላችሁም ሳታስተውሉ አትቀሩም። ተክሉ እንዳይቀዘቅዝ ስታርቹን ወደ ስኳር ስለሚለውጥ ነው።

የሚኒያፖሊሷ እህቴ፣ የአንቺ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ከደጅ ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሲያልፍ ስለ ቅጠል ማውራት አይቻልም። ነገር ግን ለነጭ ሽንኩርት ከእኛ ከብዙዎቻችን የተሻለ ቦታ ላይ ነሽ። ፍልቃቂውን ጥቅምት ውስጥ መሬቱ ሳይቀዘቅዝ ተክለሽ ገለባ አልብሽው፤ በላዩ የሚከመረው በረዶ እንደ ጋቢ ሆኖ አፈሩን ከከፋው ብርድ ይጠብቅልሻል። ነጭ ሽንኩርት ራስ እንዲቋጥር ብርድ ማሳለፍ ያስፈልገዋልና ክረምትሽ ለእሱ ሲሳይ ነው። መስኮትሽም ቢሆን ከለንደን መስኮት ይበልጣል፤ ብርዱ ሲበረታ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ፀሐይዋም በደቡብ በኩል ባለ መስታወት አልፋ ወለሉ መሃል ድረስ ትገባለች።

ስለ መስኮት ካነሳን ጤና አዳም ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የጠየቀው እሱን ነውና። በክረምት ቤት ውስጥ የሚሞት ጤና አዳም አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው በብርድ ሳይሆን በውኃ ነው። ብርሃን ሲቀንስ ተክሉ የሚጠጣው ውኃ በእጅጉ ይቀንሳል፤ እኛ ግን እንደ በጋው እናጠጣለን። ምልክቱን ቀረብ ብላችሁ ፈልጉት። መጀመሪያ የታችኞቹ ቅጠሎች ይገረጣሉ፤ ቀንበጡ ወደ መስታወቱ ተጎንብሶ በአንጓዎቹ መካከል ያለው ርቀት ይረዝማል፤ ሽታውም እንደ ወትሮው አይበረታም። ጣት አፈሩ ውስጥ ሲገባ ላዩ ደርቆ ውስጡ ጭቃ ሆኖ ይገኛል። መፍትሔው ከላይ ሁለት ጣት ያህል እስኪደርቅ ድረስ ውኃ መከልከል፣ ሸክላውን ከማሞቂያው ማራቅና፣ እንደኛ አገር ባለ ጨለማ ውስጥ ከሆነ፣ የኤል ኢ ዲ መብራት ማብራት ነው። መብራቱ ከተክሉ አናት 20 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት ቢበራ ጤና አዳሙም በሶብላውም ክረምቱን ያልፋሉ። ቃሪያም እንዲሁ ነው። ተክሉ ዓመታትን የሚቆይ ስለሆነ ከውርጭ በፊት ከርክማችሁ ቤት ብታስገቡት በሚቀጥለው ዓመት ከአዲስ ችግኝ ቀድሞ ያፈራል።

አሁን ወደ ቀይ ሽንኩርት ልምጣ፤ ከአገር ቤት በመጣ ዘር «ጠጠር የሚያክል ሽንኩርት ብቻ አገኘሁ» ብላችሁ የጻፋችሁ ብዙ ናችሁ። ሽንኩርት ራስ የሚቋጥረው የቀኑ ርዝመት ለዝርያው የሚስማማው ልክ ላይ ሲደርስ ነው። አጭር ቀን የሚበቃቸው ዝርያዎች ከ10 እስከ 12 ሰዓት ባለው ብርሃን ራስ መቋጠር ይጀምራሉ፤ መካከለኞቹ ከ12 እስከ 14 ይፈልጋሉ፤ የሰሜኖቹ ደግሞ 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ። አገር ቤት የምናውቃቸው ቦምቤ ሬድና አዳማ ሬድ ከመጀመሪያዎቹ ናቸው፤ የተመረጡት 12 ሰዓት ገደማ ለሚቆይ ቀን ነውና። እንግዲህ ይህን ዘር ስቶክሆልም ላይ ኤፕሪል ውስጥ ብትተክሉት ገና ሦስት አራት ቅጠል ሳያወጣ ቀኑ 14 ሰዓት ያልፋል። ተክሉ ጊዜው የደረሰ መስሎት በዚያች ጥቂት ቅጠል ራስ ይቋጥራል። የሽንኩርት ራስ ትልቅነት ቀድሞ በወጣው ቅጠል ብዛትና ስፋት ስለሚወሰን ከጠጠር የተሻለ አይገኝም። አፈሩም ውኃውም ጥፋት የለባቸውም።

ያው ዘር እስራኤል ውስጥ በመኸር ቢዘራ ግን ነገሩ ይለወጣል። ክረምቱ ዝናባማ፣ ብርዱም ቀላል በመሆኑ ቅጠሉ እስከ ፌብሩዋሪ ያድጋል፤ ቀኑ ወደ 12 ሰዓት ሲጠጋ በደህና ቁመና ራስ ይቋጥራል። ቤርሳቤህ አካባቢ ያላችሁ ወገኖች በዚህ ዕድለኞች ናችሁ። ለዲሲና ለአካባቢዋ መካከለኛውን፣ ለሚኒያፖሊስ፣ ለለንደንና ለእኛ ረጅም ቀን የሚፈልገውን ዘር ከየአገራችን ሱቅ መግዛት ነው የሚያዋጣው። ይህ ከሌላም ችግር ያድናል፤ ዘር በሻንጣ ይዞ ወደ አሜሪካም ሆነ ወደ አውሮፓ ኅብረት መግባት በጥቅሉ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይጠይቃል፣ አውስትራሊያ ደግሞ ከሁሉም ታጠብቃለች።

ሪያድና ዱባይ ያላችሁ እህቶች በዚህ ውይይት ብዙም አልተናገራችሁም፤ ነገር ግን የእናንተ ክረምት የእኛ በጋ ነው ማለት ይቻላል። ኦክቶበር ላይ ተክላችሁ እስከ ኤፕሪል ድረስ ትለቅማላችሁ፤ ለእናንተ መትከል የማይቻልበት ወቅት ጁላይና ኦገስት ነው። በረንዳ ላይ ባለች አንዲት ባልዲ እንኳ ቲማቲምና በሶብላ ይሆንላችኋል።

በነገራችን ላይ ለንደን ውስጥ በአንዳንድ መናፈሻዎች በበጋ ቅጠሉ ቀላ ያለ እንሰት ለጌጥ ተተክሎ ይታያል። ከመጀመሪያው ውርጭ በፊት ነቅለው ወይም ከነሸክላው ግሪን ሃውስ ያስገቡታል። የጉራጌና የሲዳማ እናቶች የቆጮ ተክል በንጉሡ ከተማ አበባ መሃል ቆሞ ሳየው ደስታዬ ወሰን የለውም።

ከአትክልቱ አልፎ ስለ ራሳችን አንድ ነገር ልጨምር። የብሪታኒያ የጤና ባለሥልጣናት በጨለማው ወራት ሁሉም ሰው በቀን 10 ማይክሮግራም ቫይታሚን ዲ ስለ መውሰድ እንዲያስብ፣ ቆዳቸው ጥቁር የሆነ የአፍሪካ ተወላጆች ደግሞ ዓመቱን ሙሉ እንዲያስቡበት ይመክራሉ። ልጆች ያሏችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ጨለማው ለከበዳችሁ የሰሜን ወገኖች ደግሞ የበዓላቱን ካላንደር ልጥቀስላችሁ። ገና ሲደርስ ስቶክሆልም ላይ ቀኑ ከአጭሩ ዕለት 20 ደቂቃ ያህል ረዝሟል፤ ለጥምቀት ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ። ስለዚህ የቃሪያ ዘራችሁን ከጥምቀት በኋላ በመብራት ሥር፣ የሽንኩርቱን የካቲት መግቢያ ላይ አፍሉ፤ ከዚያ ቀድሞ የተዘራ ችግኝ ያለ መብራት ቀጭንና ገርጣ ሆኖ ይጋደማል።

ሜልበርን ያላችሁ ወገኖች፣ የእናንተ አጭር ቀን ጁን 21 አካባቢ 9 ሰዓት ተኩል ያህል ነውና ከዲሲ ጋር ትቀራረባላችሁ፤ ወራቱ ብቻ ተገልብጠዋል። ፉትስክሬይ አካባቢ ጓሮ ያላችሁ፣ በሶብላችሁ ከደጅ እስከ የትኛው ወር ድረስ እንደሚቆይና ጎመን የምትዘሩበትን ሳምንት ብትጽፉልን፣ ለዲሲዎቹ ስድስት ወር ጨምረን እናስተያየዋለን።