ሰደድ እሳት የበላው ደን፦ ድርቅ የሚችል ችግኝ መቼና የት እንትከል?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ሰደድ እሳት ደናችንን ክፉኛ በላው። ቦታው ተዳፋት ነው፤ ጥድ፣ ወይራና ግራር ነበረበት። አሁን የቆመው የከሰለ ግንድ ነው፣ መሬቱም አመድ ለብሷል። ዝናቡ ከዓመት ዓመት እያጠረ ስለመጣ ድርቅ የሚችል ዛፍ መትከል አስበናል። አብዛኛው ሰው "ዝናብ እንደጣለ ሁሉንም እንሸፍነው" ይላል። እኔ ችግኙ ደርቆ እንዳይቀር ሰግቻለሁ። ከምን እንጀምር?

አፈር ጠባቂ
አይዞህ ወንድሜ። ከችግኙ በፊት አፈሩን እዩት። ኃይለኛ እሳት ቅጠሉንና ብስባሹን ሲያነደው ሰም መሰል ነገር ይተናል። ያ ተን ወደ ታች ሰርጎ ቀዝቀዝ ሲል አፈሩ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ በኋላ አፈሩ ውሃ አልቀበል ይላል።

መሞከሩ ቀላል ነው። አመዱን ጥረግና ጥቂት የውሃ ጠብታ ጣልበት። ከ5 ሰከንድ በላይ እንደ ዶቃ ድቡልቡል ብሎ ከተቀመጠ አፈሩ ውሃ እየገፋ ነው። ላይኛው አፈር ቢጠጣም አትመነው። ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ጫር አድርገህ ድገመው፤ ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚደበቀው እዚያ ነው። በጊዜ ብዛት ይለቃል። እስከዚያ ግን ዝናቡ አመዱንና ለሙን አፈር ጠርጎ ይወርዳል።

ስለዚህ ገለባ ወይም የተከታተፈ ቅርንጫፍ ጎዝጉዙ። ገለባው የአረም ዘር የሌለበት ይሁን። የወደቀ ግንድ ካለ ከተዳፋቱ አግድም አጋድሙት፣ ከመሬቱ ጋር በደንብ ይግጠም። ከሥሩ ክፍተት ከቀረ ውሃው ሾልኮ ይቦረቡረዋል።

ዘር ለቃሚዋ
የጠቆረ ሁሉ አልሞተም! ወይራና ብዙ የግራር ዓይነቶች ከጉቶ ያቆጠቁጣሉ። የግራር ዘር ቅርፊቱ ጠንካራ ነው፤ የእሳቱ ሙቀት ሲሰነጥቀው በዝናብ በብዛት ሊበቅል ይችላል። ጥድ ግን ከተቃጠለ ከጉቶው አይነሳም፣ ዘር ይፈልጋል። እኔ ብሆን አንድ የዝናብ ወቅት ጠብቄ ምን ራሱ እንደበቀለ አያለሁ። ከብትም እንዳይገባ አደርጋለሁ።

ከተረፉ ዛፎች አጠገብ ጉልበት አትጨርሱ፣ ዘሩ ራሱ ይደርሳል። የእናንተን እጅ የሚፈልገው ከነሱ የራቀው መሀሉ ነው። ዘር ስትሰበስቡ ያው የነበረው ዝርያ ይሁን፣ ነገር ግን ደረቅና ሞቃት ቦታ ላይ ከቆሙ ብዙ እናት ዛፎች ልቀሙ። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል ብላችሁ እንዳትገቡበት፤ ዘይታም ቅጠሉ እሳት ያባብሳል።

ሥር ይቅደም
በአብዛኛው እስማማለሁ፣ በመጠበቁ ላይ ግን ትንሽ ልቃወም። ሳር ቶሎ በሚወርበት ቦታ መዘግየት ዋጋ ያስከፍላል። ሳሩ እርጥበቱን ይሻማል፣ ሲደርቅ ደግሞ ማገዶ ነው። የሚያቆጠቁጥ ያለበትን ጠብቁ፤ ባዶውንና ሳር የሚሰጋበትን አስቀድሙ።

ጠያቂው
በጣም አመሰግናለሁ፣ ብዙ ነገር ገባኝ። ከተከልን በኋላ ውሃ ማጠጣት አንችልም። ችግኙ ትልቅ ይሁን ትንሽ?

ሥር ይቅደም
ቁመቱ አያታልላችሁ። ረጅም ቅጠላም ችግኝ ውሃ ያባክናል። አጠር ብሎ ግንዱ ወፈር ያለ፣ ሥሩ ጥልቅ የሆነ ይሻላል። ከመተከሉ በፊት ባሉት ሳምንታት ጥላውን አንሱለት፣ ውሃውንም ቀስ በቀስ ቀንሱ። የችግኙን ፕላስቲክ ስትቀድዱ ሥሩ ታች ተጠምዝዞ ካገኛችሁት የተጠመዘዘውን ቁረጡ።

እርጥበቱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ሳይወርድ አትትከሉ። ከጉድጓዱ ታች በኩል አፈሩን በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ከምሩት፣ ክፍቱ ወደ ዳገቱ ይሁን። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚከልል ጉቶ ወይም ድንጋይ ካለ ከጥላው ሥር ትከሉ። ዙሪያውን ሳር አጽዱ። ረድፍ አትሥሩ፤ ሰብሰብ ሰብሰብ አድርጋችሁ መሀሉን ክፍት ተዉ፣ ሌላ እሳት ቢመጣ ሁሉንም አያዳርስም።

አፈር ጠባቂ
አንድ ነገር ልጨምር። የቆሙት ሙት ግንዶች ሥራቸው ተቃጥሎ ሊሆን ስለሚችል ነፋስ ባለበት ቀን ሰው አታሰማሩ። ሰው በሚሠራበት አካባቢ ያሉትን ልምድ ባለው ቆራጭ አስጥሉ፣ የቀሩትን ለወፎች ተዉላቸው። የተጣሉትንም ለማገዶ አታውጡ፤ ውሃ ማገጃውና ጥላው የሚሠራው በነሱ ነው።