የ1888/89ኙ ፕሪስተን ከ2003/04ቱ አርሰናል እኩል ይቆጠራል?

ብሩክ፦ የእንግሊዝን ከፍተኛ ሊግ አንድም ጨዋታ ሳይሸነፉ የጨረሱት ሁለት ክለቦች ብቻ ናቸው፤ ፕሪስተን ኖርዝ ኤንድ በ1888/89፣ አርሰናል በ2003/04 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ)። የፕሪስተኑ ከአርሰናሉ እኩል ይቆጠራል? ማስረጃ ይዛችሁ ኑ።

ናትናኤል፦ አይቆጠርም። 22 ጨዋታ ነው የተጫወቱት። አርሰናል 38 ተጫውቶ 26ቱን አሸንፎ 12 አቻ ወጥቷል። ሊጉ ደግሞ ገና መጀመሩ ነበር። 12 ክለቦች፣ ስድስቱ ከላንክሻየር፣ ስድስቱ ከሚድላንድስ። ከለንደን አንድም የለም፤ ሰንደርላንድም የለም። የሁለት አካባቢ ውድድር ነው።

ሄለን፦ ናቲ፣ ቁጥር ካነሳህ ሁሉንም አንሳው እንጂ! 18 አሸንፈው 4 አቻ ወጡ። 74 ጎል አግብተው 15 ገባባቸው። አርሰናል በ38 ጨዋታ ያገባው 73 ነው። ድል 2 ነጥብ ብቻ በሚያስገኝበት ዘመን ሁለተኛ የወጣውን አስቶን ቪላን 40 ለ29 ጥለውት ሄዱ። ኤፍኤ ካፑንም አንድ ጎል ሳይገባባቸው ወሰዱት፤ ፍጻሜውን ለንደን ኦቫል ላይ ዎልቭስን 3 ለ0 አሸንፈው። አርሰናል በዚያ ዓመት ከኤፍኤ ካፑ በማንቸስተር ዩናይትድ፣ ከሻምፒዮንስ ሊጉ በቼልሲ ተሸንፎ ነው የወጣው። የለንደኑን ነገር ካነሳህ ደግሞ፣ አርሰናል ራሱ በ1886 በዉሊች የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ተመሥርቶ ገና ሁለተኛ ዓመቱን የያዘ ክለብ ነበር።

ናትናኤል፦ እሺ፣ ግን ምን ዓይነት ጨዋታ ነው? ፍጹም ቅጣት ምት የለም፤ የመጣው በ1891 ነው። ጎሉ ላይ መረብ የለም። በረኛው በራሱ የሜዳ አጋማሽ የትም ሆኖ ኳስ በእጁ ይይዛል። የነጥብ አሰጣጡ እንኳ የተወሰነው ውድድሩ መስከረም ላይ ከተጀመረ በኋላ፣ ኅዳር ላይ ነው። ይህንን ከዛሬው ሊግ ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ይከብደኛል።

ሄለን፦ ሕጉ ለ12ቱም ክለቦች አንድ ነበር። ሌሎቹ 11 ክለቦች በዚያው ሕግ ተሸነፉ፤ ፕሪስተን አልተሸነፈም።

ጋሽ ታደሰ፦ ልጆች፣ እኔን የሚከነክነኝ ቡድኑ የተሠራበት ገንዘብ ነው። አሠልጣኝም አለቃም የነበረው ዊሊያም ሱዴል የጥጥ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ነበር። ከስኮትላንድ ጎበዝ ጎበዙን እያመጣ፣ ለተጫዋች መክፈል ክልክል በነበረበት ጊዜ ይከፍላቸው ነበር። በ1884 አፕተን ፓርክ የተባለው የለንደን ክለብ ከሰሰው፤ ሱዴልም አልካደም። ፕሪስተን ከኤፍኤ ካፕ ተባረረ። በ1895 ደግሞ ከሚሠራበት ድርጅት ገንዘብ በማጉደል ሦስት ዓመት ተፈርዶበታል። ከዚያ ገንዘብ ብዙው ለክለቡ እንደዋለ ይነገራል። በዚህ መንገድ የተገኘ ድል ከአርሰናሉ ጋር እኩል ይቀመጥ ስትሉ ይከብደኛል።

ሄለን፦ ጋሼ፣ ሁለቱን ነገር ለይተው ይዩልኝ። ክፍያ መከልከሉ ማንን ጠቀመ? ደመወዝ የማያስፈልጋቸውን የሀብታም ልጆች ነው። የፋብሪካ ሠራተኛ ለጨዋታ ብሎ ከሥራ ሲቀር የቀኑን እንጀራ ያጣል። ሱዴል «አዎ፣ እንከፍላለን» ብሎ በአደባባይ በመናገሩ ነው ጉዳዩ የፈነዳው፤ በሐምሌ 1885 የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር (ኤፍኤ) ክፍያን ፈቀደ። ሊጉም የዚያው ውጤት ነው። የአስቶን ቪላው ዊሊያም ማክግሪጎር በ1888 ሊግ እንመሥርት ብሎ ለክለቦች የጻፈው የወዳጅነት ጨዋታ እየተሰረዘ ክለቦች የተጫዋች ደመወዝ የሚከፍሉበት ቋሚ ገቢ ስላጡ ነው። ስርቆቱ ሌላ ነው፤ እሱን አልከላከልለትም።

ዮናስ (ማንቸስተር)፦ አንድ ነገር ልጨምር፣ ከርዕሱ ትንሽ ይወጣል። አክራ የተወለደው አርተር ዋርተን በ1886/87 የፕሪስተን በረኛ ነበር። በ1886 በመቶ ያርድ ሩጫ 10 ሰከንድ የገባ ሯጭ ነው። ያልተሸነፉበት ዓመት ሲደርስ ክለቡን ለቅቆ ስለነበር ስሙ ከዚያ ቡድን ጋር አይነሳም። አፍሪካዊ በረኛ ያንን ቡድን በማነጽ ውስጥ እንደነበረ ብዙ ሰው ቢያውቅ ደስ ይለኛል። ለክርክሩ ግን ከሄለን ጋር ነኝ።

ናትናኤል፦ አርሰናል ከ2003 ግንቦት እስከ 2004 ጥቅምት 49 የሊግ ጨዋታ ሳይሸነፍ ሄዷል። ዋንጫ ስለሌለው ይህ ይረሳ?

ሄለን፦ አይረሳም፣ ትልቅ ነገር ነው። ጥያቄው ግን ስለ አንድ የውድድር ዘመን ነው። በዚያ ዘመን ፕሪስተን በሊግም በዋንጫም የገጠመውን ሁሉ ተጋፍጦ አንድም ቀን ተሸንፎ ከሜዳ አልወጣም። እኩል እንኳን አይበቃውም፣ ይቀድማል።

ጋሽ ታደሰ፦ ሄለንዬ፣ ሜዳው ላይ የሆነውን ተቀበልኩሽ። ግን ይህን ድል የሚጽፍ ሰው የሱዴልን እስር በዚያው ገጽ ላይ ይጻፍ።

ሄለን፦ ይጻፍ ጋሼ። ከጎኑ ደግሞ የቡድኑ አጥቂዎች የጆን ጉዳልና የጂሚ ሮስ ጎሎች ይጻፉ፤ እነሱ ከማንም ካዝና አልወሰዱም።