ሁለት ሞይንሞይን ዊኪ በአንድ አፓቼ፦ በየትኛውም አድራሻ ብገባ አንዱ ብቻ ይከፈታል

ጥያቄ፣ ሰላማዊት፦
በአንድ ሰርቨር ላይ ሞይንሞይን 1.9 በተባለው ፕሮግራም የሚሠሩ ሁለት ዊኪዎች (ተጠቃሚዎች ራሳቸው የሚያርሟቸው ድረ ገጾች) አሉኝ፤ አንዱ ለመመሪያ ሰነዶች፣ ሌላው ለፕሮጀክት ማስታወሻዎች። የሚሠሩት በድር ሰርቨሩ በአፓቼና የፓይተን ፕሮግራሞችን በሚያስኬድለት ተጨማሪ ክፍል በሞድ ደብሊውኤስጂአይ ነው። ለየብቻ ሲሆኑ እንከን የላቸውም። የዊኪዎች ዝርዝር በሚጻፍበት ፋርምኮንፊግ በተባለው ፋይል አንድ ላይ ካስገባኋቸው ወዲህ ግን በሁለቱም አድራሻ የሚመጣው የመመሪያው ዊኪ ነው። የአፓቼ የስህተት መዝገብም ምንም አይናገርም። ምን ልመልከት?

መልስ፣ ዳዊት፦
መዝገቡ ዝም ማለቱ ጥሩ ፍንጭ ነው፤ ፕሮግራሙ የታዘዘውን እየፈጸመ ነው። ሞይንሞይን የዊኪዎቹን ዝርዝር፣ ከእያንዳንዱ ዊኪ ስም ጎን ካለው የአድራሻ ንድፍ ጋር፣ ከላይ ወደ ታች ያነባል፤ አድራሻው ከገጠመለት የመጀመሪያ ንድፍ ላይም ይቆማል። በናሙናው ፋይል ውስጥ ያለው ንድፍ ነጥብና ኮከብ (.*) ነው፤ ይህ ደግሞ ያገኘውን አድራሻ ሁሉ ይቀበላል። በመመሪያው ዊኪ መስመር ላይ እሱን ካገኘሽ አጥፊውና ለእያንዳንዱ የራሱን አድራሻ ጻፊ። ከዚያ አፓቼን እንደገና አስነሺ፤ እየሠራ ያለው ሂደት የቀድሞውን ማዋቀሪያ ይዞ ይቆያልና።

መልስ፣ ሂሩት፦
አድራሻው ቢስተካከልም የዳታ ማውጫውን (የዊኪው ገጾች የሚቀመጡበትን ፎልደር) ሳታዪ አትለፊ። ሁለቱም ማዋቀሪያዎች ወደ አንድ ማውጫ የሚያመለክቱ ከሆነ ስማቸው ተለያይቶ ገጾቻቸው አንድ ይሆናሉ። የእገዛ ገጾቹን ማውጫ ግን በጋራ መጠቀም ይቻላል። ከሁሉም በላይ የዳታ ማውጫው አፓቼ ለሕዝብ ከሚያቀርበው ማውጫ ውጪ ይሁን። የተጠቃሚዎች መረጃ እዚያው ነው፤ አፓቼ በቀጥታ ካቀረበው የዊኪው የፈቃድ ደንብ አይጠብቀውም። እባክሽ ይህን ለነገ አታሳድሪው።

ሰላማዊት፦
እውነትም ነጥብና ኮከቡ እዚያው ነበር። አሁን የመመሪያው ዊኪ በራሱ አድራሻ ይከፈታል፤ የፕሮጀክቱ ግን ማዋቀሪያውን ማስገባት አልተቻለም ይላል። የማዋቀሪያ ፋይሉ ስም በሁለት ቃላት መካከል ሰረዝ (-) አለው።

መልስ፣ ኤልያስ፦
ሰረዙን አውጪው። ፋይሉ እንደ ፓይተን ሞጁል (በሌላ ፕሮግራም በስሙ የሚጠራ የኮድ ፋይል) ስለሚጫን ስሙ ፊደል፣ ቁጥርና የግርጌ ሰረዝ (_) ብቻ መያዝ አለበት፤ በዝርዝሩ ውስጥ ያለውንም ስም አብረሽ ለውጪ። ሦስተኛ ዊኪ በፓይተን 3 ለመጨመር ካሰብሽ ግን እዚህ ጋር አትቀላቅዪው። ሞይንሞይን 1.9 የሚሠራው በፓይተን 2 ብቻ ነው፤ አንድ ሞድ ደብሊውኤስጂአይ ደግሞ የተገነባለትን የፓይተን ስሪት ብቻ ያስኬዳል። አዲሱን በራሱ የአፕሊኬሽን ሰርቨር አስነሥተሽ አፓቼ ጥያቄዎቹን ወደዚያ እንዲያስተላልፍ አድርጊ። ለፓይተን 2 የሚሰጠው ድጋፍ በ2020 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ስለቆመ የአሮጌዎቹንም መሸጋገሪያ ከወዲሁ ብታስቢበት እመክራለሁ።

ሰላማዊት፦
ስሙን ቀይሬ አፓቼን አስነሣሁት፤ ሁለቱም በየአድራሻቸው ተከፈቱ። የዳታ ማውጫውንም አውጥቻለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።