«ፊውዥን» በአማርኛ፦ ማዳቀል፣ ማዋሐድ ወይስ መቀላቀል?

ቃል ፈታሽ፦ በእርሾ ላይ የሚጻፉ ጽሑፎች «ፊውዥን»ን፣ ማለትም ሁለት የእርሾ ሕዋሶችን በቤተ ሙከራ አንድ ማድረግን፣ አንዴ ማዳቀል፣ አንዴ ማዋሐድ፣ አንዴ ደግሞ መቀላቀል ይሉታል። የቱ ይሻላል? የሚወጣውስ እርሾ ዲቃላ ነው፣ ድቅል ወይስ ውሑድ?

ብልቃጥ፦ መቀላቀልን ከደጅ እንመልሰው። ሁለት ዓይነት እርሾ አንድ ዕቃ ውስጥ ቢገለብጡ ቀላቀሉ ይባላል፤ ሕዋሶቹ ግን እንደየራሳቸው ናቸው። ማዳቀል ደግሞ ግቡን እንጂ መንገዱን አይናገርም። እርሾ ማንም ሳይነካውም ይዳቀላል፦ «ኤ» እና «አልፋ» የሚባሉት ተቃራኒ ጾታዎች ሲገናኙ ራሳቸው ይጣመራሉ። ፊውዥን የሚያስፈልገው ይህ እምቢ ሲል ነው፤ ሁለቱም አንድ ጾታ ሲሆኑ፣ ወይም እንደ ብዙዎቹ የቢራ እርሾዎች ክሮሞዞማቸው (ጂን የተሸከመው ክር) ተደራርቦ ስፖር፣ ማለትም የመራቢያ ሕዋስ፣ አልሰጥ ሲሉ። ስለዚህ ለድርጊቱ ማዋሐድ ይስማማል። ሆኖም በውስጡ አራት የተለያዩ ግሶች አሉ፦ የሕዋሱን ውጫዊ ግንብ መግፈፍ፣ ማጣበቅ፣ ማዋሐድና ግንቡን መልሶ ማቆም። ትርጉም የሚበላሸው አራቱን በአንድ ቃል ሲጠቀልሉ ነው።

ሆሄ፦ ለምን መግፈፍ? መላጥ አይቀልም?

ብልቃጥ፦ መላጥ ቢላዋ ያስታውሳል። እዚህ የሚሆነው ሽፍታ የገፈፈውን መንገደኛ ይመስላል፤ ልብሱ ይሄዳል፣ ገላው ይተርፋል። የእርሾ ግንብ ግሉካን የተባለ የስኳር ሰንሰለት መረብ ነው፤ ላዩን ስኳር የተሸከመ ፕሮቲን ለብሷል። መጀመሪያ መርካፕቶኢታኖል በተባለ ኬሚካል የፕሮቲኑን የድኝ ማሰሪያዎች ማላላት፣ ከዚያ ዛይሞሊዬዝ የተባለውን ኢንዛይም ጨምሮ በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ማቆየት ነው። እርሾው በፈጣን እድገት ላይ መሆን አለበት። ጠግቦ ማደጉን ያቆመ እርሾ ግንቡ ስለሚጠነክር ኢንዛይሙ አይደፍረውም።

ሌላ ጥንድም አትርሱ። ግንቡ ፈጽሞ የጠፋበት «ፕሮቶፕላስት» ነው፤ እርቃን ሕዋስ ብንለው ይበቃል። ቁራጭ ግንብ የቀረበት «ስፌሮፕላስት» ነው፤ ሞላላው ሕዋስ ክብ ስለሚሆን ድቡልቡል ሕዋስ ቢባል ከነምስሉ ይገባል። እርሾ ላይ ጥንቃቄ ያላቸው ጸሐፊዎች ሁለተኛውን ይመርጣሉ፤ ትንሽ ግንብ አለመቅረቱን ማረጋገጥ ከባድ ነውና።

ሆሄ፦ «ውሃ በላው» የሚለው ፈሊጣችን እዚህ ቃል በቃል ይሠራል ማለት ነው?

ብልቃጥ፦ በትክክል! ግንብ የሌለው ሕዋስ ንጹሕ ውሃ ሲያገኝ ጠጥቶ ጠጥቶ ይፈነዳል። ለዚህ ነው ከመግፈፉ ጀምሮ ሁሉም ነገር ውሃው በኃይል እንዳይገባባቸው በሚከላከል 1 ሞላር ሶርቢቶል (ስኳር መሰል ነገር) ውስጥ የሚሠራው፤ በሊትር 182 ግራም ገደማ ማለት ነው። መፈንዳቱ ለፍተሻም ይጠቅማል። አንድ ጠብታ በስላይድ ላይ አድርገው ውሃ ቢያስጠጉለት ድቡልቡሉ በዓይንዎ ፊት ይጠፋል፤ ገርጣ ያለ ጥላ ብቻ ይቀራል። ከ10 ሕዋስ 9ኙ ከፈነዱ መግፈፉ ይበቃል። ከዚያ አልፎ ኢንዛይም ውስጥ ማቆየት ግን ጉዳት ነው፤ ኢንዛይሙ ፕሮቲን የሚበላ ርዝራዥ ካለበት ስስ ሽፋኑንም ያቆስላል። ሕዋሶቹን አሽከርክሮ የሚያዘቅጠው ሴንትሪፊውጅም ለስላሳ ይሁን፣ 700 ጂ (የመሬት ስበት 700 እጥፍ) ገደማ ለ5 ደቂቃ። በኃይል መነቅነቅ የለም።

ቃል ፈታሽ፦ ማጣበቅና ማዋሐድስ እንዴት ይለያሉ? ሁለቱም ፖሊኢትሊን ግላይኮል በተባለው ውሃ ሳቢ ፖሊመር አይደለም የሚሠሩት?

ብልቃጥ፦ ዕቃው አንድ ነው፣ ክንውኑ ሁለት። የሁለቱን ወገን ድቡልቡሎች እኩል አድርጎ 35 በመቶ ፖሊኢትሊን ግላይኮል (የሞለኪውል ክብደቱ 4000) ከ10 ሚሊሞላር ካልሲየም ክሎራይድ ጋር መጨመር፣ ከዚያ በ30 ዲግሪ ለ20 ወይም 30 ደቂቃ መተው ነው። ውሃውን ከመካከላቸው ስለሚስበው ሕዋሶቹ ወዲያው እንደ ወይን ዘለላ ይንጠለጠላሉ። ይህ መጣበቅ ነው። ሽፋናቸው ተከፍቶ ሆዳቸው አንድ የሚሆነው ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። ማይክሮስኮፕ ላይ ዘለላ አይቶ «ተዋሐዱ» ብሎ መጻፍ የተለመደ ስሕተት ነው።

ከዚያ በኋላ በፈሳሽ ውስጥ ቢተዋቸው ግንብ አይሠሩም ማለት ይቻላል። ሶርቢቶል ባለበት 3 በመቶ አጋር (ሲበርድ የሚረጋ ዝልግልግ) ውስጥ መቅበር ያስፈልጋል፤ አጋሩ ቀልጦ ወደ 45 ዲግሪ ሲወርድ። ከዚያ በላይ ከሞቀ ይቀቅላቸዋል።

ሆሄ፦ እንግዲህ ውሑድና ድቅል አንድ ናቸው?

ብልቃጥ፦ አይደሉም፤ ትልቁ ነጥብም ይኸው ነው። ሁለት ኒውክሊየስ (ክሮሞዞሙን የያዘው የሕዋስ አስኳል) በአንድ ሕዋስ ውስጥ ተለያይተው ሲቀመጡ ውሑድ ነው። ኒውክሊየሶቹ አንድ ሲሆኑ ነው ድቅል የሚባለው። ማጣሪያውም ምግብ ነው፦ አንደኛው ወላጅ አዴኒን ካልሰጡት የማያድግ፣ ሌላው ሊዩሲን ካልሰጡት የማያድግ ይመረጣል፤ ሁለቱም በሌሉበት ምግብ ላይ የሚበቅለው የሁለቱን ጂን የያዘው ብቻ ነው። ግን እያንዳንዱን ወላጅ ለብቻው በዚያው ምግብ ላይ ዘርግቶ ይበቅል እንደሆነ ማየት ግድ ነው፤ በራሱ ተለውጦ ያገገመ ወላጅ ድቅል መስሎ ይወጣል። ተጣብቀው የሚመጋገቡ ሕዋሶችም ያታልላሉ፤ ነጠላ ኮሎኒ ደጋግሞ መዘርጋት ይገላግላል። ዝርያቸው የተራራቀ ከሆነ ደግሞ ድቅሉ ራሱ ከትውልድ ትውልድ የአንዱን ወላጅ ክሮሞዞም እያራገፈ ይሄዳል።

«ዲቃላ»ን ልተወው፤ ስድብ ተጣብቆበታል።

ቃል ፈታሽ፦ ኒውክሊየሶቹ ሳይዋሐዱ እምቡጡ (ከእናቱ ጎን የሚበቅለው ልጅ ሕዋስ) አንዱን ኒውክሊየስ ብቻ ይዞ ሲወጣስ? ማይቶኮንድሪያው (የሕዋሱ ኃይል ማመንጫ) ግን ከሌላው ወላጅ ሊሆን ይችላል።

ብልቃጥ፦ ለእሱ ገና ቃል የለንም። ድቅል አይባልም፣ ውሑድም አልቀረም።

ሆሄ፦ በግእዙ ቱሳሔ መደባለቅ ነው። ሳይቶፕላዝሙ፣ ማለትም ከኒውክሊየሱ ውጭ ያለው የሕዋሱ ሆድ፣ ብቻ የተደባለቀበትን «ቱሱሕ» ብንለውስ?

ብልቃጥ፦ ለጆሮ ይከብዳል፣ ግን ከሦስቱም ቃላት ጋር አይጋጭም። እስኪሻል እሱን እጠቀማለሁ።