የ1ኛ ክፍል ልጆች መንጋጋ፦ ቫርኒሽ ይቀባ ወይስ በሲላንት ይታሸግ?

የአዘዞ ነርስ
ጤና ይስጥልኝ። አዘዞ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ከ6 እስከ 8 ዓመት ላሉ ልጆች የጥርስ መቦርቦር መከላከያ ለመጀመር አስበናል። በጀቱ ለሁለቱም ስለማይበቃ ወይ ፍሎራይድ ቫርኒሽ (ጥርስ ላይ የሚቀባ ፍሎራይድ) ወይ ሲላንት (የመንጋጋን ስንጥቅ የሚደፍን ማሸጊያ) መምረጥ አለብን። የጥርስ ወንበር የለንም፣ መብራቱም እንደምታውቁት ነው። ደግሞ አንዳንድ ወላጆች «ፍሎራይድማ የወንጂን ልጆች ጥርስ ያበላሸው አይደል?» እያሉ ነው። ምን ልበላቸው?

መንጋጋ
ሁለቱ አንድ ዓይነት ሥራ አይሠሩም። ቫርኒሽ የሚጠቅመው በይበልጥ ለጥርሱ ለስላሳ ጎኖች ነው። ሲላንት ግን የመንጋጋው ማኘኪያ ላይ ያሉትን ስንጥቆች ይደፍናል፤ የብሩሽ ፀጉር እዚያ አይደርስም፣ በልጆች ቋሚ መንጋጋ ላይ መቦርቦሩ በብዛት የሚጀምረውም ከዚያው ነው። ስለዚህ ለመንጋጋ ብቻ ከተባለ የኔ ምርጫ ሲላንት ነው፤ ጥርሱን ደረቅ አድርጎ ማቆየት ከተቻለ።

ይህችን «ከተቻለ» አትናቋት። ጥርሱ ይጸዳል፣ በጥጥ ጥቅል ይከለላል፣ 37 በመቶ ፎስፎሪክ አሲድ ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ይቀመጥበታል፣ በደንብ ይታጠባል፣ ይደርቃል። እንደ ኖራ ነጭ ካልሆነ አልሠራም። ከዚያ ሬዚኑ (ፈሳሹ የሲላንት ፕላስቲክ) በስሱ ገብቶ በሰማያዊው ብርሃን ይጠነክራል (20 ሰከንድ ያህል፣ የመሣሪያውን መመሪያ ተከተሉ)። ነጭ ከሆነ በኋላ ምራቅ ከነካው ማድረቅ ብቻ አይበቃም፤ ምራቁ አሲዱ የከፈታቸውን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስለሚሸፍን አሲዱ ይደገማል። ሲያልቅ በፕሮብ (በጥርስ መመርመሪያው ሹል ብረት) ለማንሳት ሞክሩ። የሚነሳ ከሆነ አሁኑኑ ቢነሳ ይሻላል፣ ግማሹ የተላቀቀ ሲላንት ከሥሩ ምግብ ይይዛልና። ጥርሱን የምታደርቁበትን የኮምፕረሰር አየርም መስታወት ላይ ንፉት፤ ዘይት ወይም እርጥበት ከታየ የቀረው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው።

ቀይ ሽብር ሰፈር
የተባለው ልክ ነው፣ ግን ለክሊኒክ ነው። የ6 ዓመት ልጅ መንጋጋ ብዙ ጊዜ ግማሹ ነው የወጣው፣ ከኋላ በኩል ድዱ ገና ተኝቶበታል። በመማሪያ ክፍል ወንበር ላይ ያንን ማን ያደርቀዋል?

ካርዲፍ (ብሪታንያ፣ ዌልስ) ላይ ከ6 እስከ 7 ዓመት ያሉ ልጆችን ለ3 ዓመት ተከታትለው ነበር። ወደ ጥርሱ ውስጠኛ ክፍል የዘለቀ መቦርቦር የተገኘባቸው በሲላንት 19.6 በመቶ፣ በየ6 ወሩ በሚቀባ ቫርኒሽ 17.5 በመቶ ናቸው። ልዩነቱ ትርጉም ያለው አልነበረም፣ ወጪው ግን በቫርኒሹ ቀንሷል። በናንተ ሁኔታ ቫርኒሽ ያዙ።

አቀባቡ፦ ልጆቹ ቁርስ በልተው ይምጡ። ጥርሱን በጎዝ ማበስ ይበቃል፤ ቫርኒሹ ምራቅ ሲያገኝ ይጠነክራል እንጂ አይታጠብም። 5 በመቶ ሶዲየም ፍሎራይድ ያለውን፣ የወተት ጥርስ ብቻ ላለው ልጅ 0.25 ሚሊ ሊትር፣ ቋሚ ለቀላቀለው 0.4 በስሱ ቀቡ። በነፍስ ወከፍ የታሸገው ይመረጣል፤ ከቱቦ ከሆነ ከታች ስለሚዘቅጥ ሳይማሰል አይቀባ። በዚያ ቀን ቆሎ የለም፣ ትኩስ ሻይ የለም፣ ብሩሽም እስከ ማግስቱ ይቆይ። ጥርሱ ቢጫ ቢመስል ወላጅ አይደንግጥ፣ ይለቃል። አፉ የቆሰለ፣ ለኮሎፎኒ (ለዛፍ ሙጫ) አለርጂ ያለው፣ ወይም በአስም ሆስፒታል ተኝቶ የነበረ ልጅ አይቀባ።

ፕሮግራሙን የሚገድለው ሁለተኛው ዙር ነው። መስከረም ከቀባችሁ መጋቢት ካልመጣችሁ ልፋቱ ግማሽ ነው። የመጋቢቱን ቫርኒሽ ከወዲሁ ግዙ፣ ማብቂያ ቀኑን አይታችሁ።

ውሃ ልክ
ስለ ወንጂው ልመልስ፣ ምክንያቱም ወላጆቹ ያሉት ከሜዳ የመጣ አይደለም። የስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ ውሃ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፍሎራይድ ይቀበላል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ ወንጂ አካባቢ ግን በብዙ እጥፍ ያለፉ ጉድጓዶች ነበሩ። ጥርሱን የሚያዥጎረጉረው ጥርሱ መንጋጋ አጥንት ውስጥ ገና ሲሠራ በየቀኑ ለዓመታት የሚጠጣው ነው። ጎንደር ከስምጥ ሸለቆ ውጭ ናት፤ የአንገረብ ግድብም የዝናብና የወንዝ ውሃ ነው።

ሒሳቡን አሳዩአቸው። በ0.4 ሚሊ ሊትር ቫርኒሽ ውስጥ 9 ሚሊግራም ገደማ ፍሎራይድ አለ፤ በዓመት ሁለቴ 18። በሊትር 5 ሚሊግራም ያለበት ውሃ በቀን አንድ ሊትር የሚጠጣ ልጅ ይህን በአራት ቀን ይጨርሰዋል። ከወንጂ ወይም ከመተሐራ በቅርብ የመጣ ልጅ ካለ መዝግቡት፣ ግን ከቫርኒሽ አይከለክለውም።

የአዘዞ ነርስ
እግዜር ይስጥልን። ግላስ አዮኖመር የሚባለው ከዱቄትና ከፈሳሽ የሚለወስ ማሸጊያ ያለ መብራት ይሠራል ይባላል፤ ለግማሽ ለወጣው መንጋጋ ይሆን?

መንጋጋ
ይሆናል፣ እርጥበትን ከሬዚን የበለጠ ይችላል። ዱቄትና ፈሳሹን በአምራቹ ልክ ለውሱት፤ ከቀጠነ ይደክማል፣ ማብረቅረቁ ከጠፋ በኋላ ካደረጋችሁት ደግሞ አይጣበቅም። በቫዝሊን በተቀባ ጓንት ጣት ስንጥቁ ውስጥ ጫኑት፣ ትርፉን አንሱ፣ ላዩን ቫዝሊን ቀቡ፣ ለአንድ ሰዓት አይብላ። ከሬዚን ቶሎ ይወድቃል፣ ቢሆንም ጥርሱ ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ ያሻግራል።

በጀቱ አንድ ብቻ ከሆነ ግን የቀይ ሽብር ሰፈሩን ሐሳብ እቀበላለሁ፤ ለሁሉም ቫርኒሽ። ስትቀቡ ስንጥቁ ጠልቆ የጠቆረበትን ልጅ ለይታችሁ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የጥርስ ክፍል ላኩ። ለወላጅም ቁርጥ አድርጋችሁ ንገሩ፦ ይህ ቋሚ መንጋጋ የሚወጣው ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ከወተት ጥርሶቹ ኋላ ነው፣ «ይወልቃል» ተብሎ የሚተው አይደለም። የተቦረቦረው ግን በሁለቱም አይድንም፤ ሙሌት ይፈልጋል።

ቀይ ሽብር ሰፈር
የጥርስ ሳሙናውን ነገር እንዳትረሱ። ሱቅ ውስጥ ፍሎራይድ የሌለውም አለ፤ ጀርባውን አንብቡ፣ ፍሎራይዱ ቢያንስ 1,000 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 1,000 እጅ) ይሁን። ከ3 ዓመት በታች ላለው ታናሽ የሩዝ ፍሬ ያህል፣ ከዚያ በላይ የአተር ፍሬ ያህል። ይትፉት፣ በውሃ አይጉመጥመጡ።