የማኅፀን ሽፋን 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቀጭን ነው?

ጥያቄ (ሚድዋይፍ፣ ሐዋሳ)፦ ታካሚዋ በወር አበባ ዑደቷ 8ኛ ቀን አልትራሳውንድ ታይታ የማኅፀኗ ውስጠኛ ሽፋን 5 ሚሜ ተብሏል። «ፅንስ አይዝልኝም ማለት ነው?» እያለች ነው። እንዴት ላስረዳት? ፕሮጀስትሮን የሚባለው ሆርሞንስ መቼ ይለካላት?

መልስ 1፦ በ8ኛው ቀን 5 ሚሜ ምንም አያስደነግጥም። የወር አበባ ሲያበቃ ከ2–4 ሚሜ ነው፤ ከዚያ ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ያወፍረዋል። እንቁላል ሊወጣ ሲቃረብ ድጋሚ ይታይ። ያኔ ከ7 ሚሜ ካነሰ መመርመር አለበት፤ እሱም ቢሆን እርግዝና አይኖርም ማለት አይደለም።

መልስ 2፦ በሚሊ ሜትር ብቻ መጨነቅ ይበዛል። ዋናው ሥራ እንቁላል ከወጣ በኋላ ነው። ፕሮጀስትሮን ውፍረቱን ገታ አድርጎ የሽፋኑን እጢዎች ያጠማዝዛል፤ እጢዎቹም በግላይኮጅን (የስኳር ክምችት) የበለፀገ ፈሳሽ ያመነጫሉ። በመካከላቸው ያሉት ሴሎች ተለቅ ብለው ክብ ይሆናሉ፤ ዴሲድዋ የሚባለው ይሄ ነው። ፅንሱ የሚጣበቀው እንቁላል ከወጣ ከ6–10 ቀን ገደማ ነው። ከዚያ ኤችሲጂ የሚባል ሆርሞን እያመነጨ ኮርፐስ ሉቴየም (እንቁላሉ ከወጣበት ከረጢት የሚፈጠረውና ፕሮጀስትሮን የሚያመነጨው አካል) እንዳይከስም ያደርጋል፤ ፕሮጀስትሮኑ ከቆመ ሽፋኑ ይፈርሳላ! ከ7–9ኛው የእርግዝና ሳምንት ግድም የእንግዴ ልጁ ሥራውን ይረከባል።

መልስ 3፦ እባካችሁ የፕሮጀስትሮን ምርመራን ለሁሉም «21ኛው ቀን» ብላችሁ አትዘዙ። ያ ለ28 ቀን ዑደት ነው። የሚለካው ቀጣዩ የወር አበባ ይመጣል ከሚባልበት 7 ቀን ቀደም ብሎ ነው። ያለጊዜው የተቀዳ ደም ውጤቱ ዝቅ ይልና «እንቁላል አልወጣም» ተብሎ በከንቱ መድኃኒት ይታዘዛል።

ጠያቂ፦ ዑደቷ 32 ቀን ነው። 25ኛው ቀን ላይ ማለት ነው?

መልስ 3፦ አዎ፣ 25። የወር አበባው ቀን ከተዛባ ግን በሳምንቱ ይደገም።